የሜክሲኮ ሱቅ ገብቶ መሸመት፦ ከደረቁ ቺሌ እስከ ትኩሱ ቶርቲያ

አሜሪካ የሚኖር ሐበሻ የሜክሲኮ ሱቅ የሚገባው አብዛኛውን ጊዜ ለሦስት ነገር ነው። ለቃሪያ፣ ለሎሚና ለሽንኩርት። ከትልልቆቹ ሱፐርማርኬቶች ይልቅ እዚያ ረከስ ይላሉ። ይገዛል፣ ይከፍላል፣ ይወጣል።

የቀረው ሱቅ ግን ሳይታይ ይቀራል። ከጣሪያው የተንጠለጠለው ፒኛታ (ከረሜላ የሚሞላበት የወረቀት አሻንጉሊት)፣ መደርደሪያውን የሞላው እነሱ ቺሌ የሚሉት ደረቅ በርበሬ፣ ከጓዳ የሚሸተው ዳቦ፣ ሥጋ ቤቱ ፊት የተሰለፉት እናቶች። ሳንፈልግ ቀርተን አይደለም። ከየት እንደሚጀመር ስለማናውቅ ነው። የእኔ ደንብ አጭር ናት፦ ከደረቁ ጀምሩ፣ በትኩሱ ጨርሱ። ያያችሁትን ሁሉ አትግዙ፤ ግን ሁሉንም አሽትቱ።

ከመሄዳችሁ በፊት

ሱቆቹ በሁለት ይከፈላሉ። አንደኛው ብዙ ቅርንጫፍ ያለው ትልቅ ሱፐርማርኬት ነው። ካሊፎርኒያ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1980 አናሃይም ላይ የተጀመረው ኖርዝጌትና በ1985 ቫን ናይስ ላይ የተከፈተው ቫያርታ፣ ሂውስተን ላይ ደግሞ ከ1972 ጀምሮ ያለው ፊየስታ የዚህ ወገን ናቸው። ሁለተኛው የሰፈር ሱቅ ነው። አንድ ሥጋ ቆራጭ፣ አንድ ካሸር፣ ጥግ ላይ ገንዘብ መላኪያ መስኮት። ለመጀመሪያ ጊዜ ትልቁን ምረጡ። ዕቃው ሁሉ ስሙ ተጽፎበታል፣ አንድ ሰዓት ብትዞሩም ማንም ቀና ብሎ አያያችሁም። ስትለምዱ ወደ ትንሹ እለፉ። ሥጋ ቆራጩ ደንበኛ የሚይዛችሁ እዚያ ነው።

ዋሽንግተንና አካባቢዋ ላላችሁ አንድ ነገር ልበል። እናንተ ጋ "የስፓኒሽ ሱቅ" የምንላቸው ብዙዎቹ የሳልቫዶሮች ናቸው። እነሱም ደስ ይላሉ፣ ፑፑሳ የሚባለውን ውስጡ የተሞላ የበቆሎ ቂጣ የምትበሉት እዚያ ነው። እኔ የማወራለት የደረቅ ቺሌ መደርደሪያ ግን እዚያ አነስ ሊል ይችላል። ሎስ አንጀለስ፣ ዳላስ፣ ሂውስተን፣ ዴንቨር ወይም ቺካጎ ያላችሁ በዚህ አትቸገሩም።

ቅዳሜና እሑድ ጠዋት ድባቡ ሌላ ነው። ቤተሰብ በሙሉ ይመጣል፣ ባርባኮአ የሚሉት በቀስታ የበሰለ ሥጋና የጨጓራ ሾርባ በድስት ይሸጣል፣ ሙዚቃው ከፍ ይላል። ግን ሰልፍ አለ፣ ሻጮቹም ለማስረዳት ፋታ የላቸውም። የመጀመሪያውን ጉብኝት በሥራ ቀን ረፋድ ላይ አድርጉት። ምሳ ሳትበሉ ሂዱ፤ ለምን እንደሆነ በኋላ ትደርሱበታላችሁ።

ጽሑፉን ለማንበብ ሦስት ነገር ይበቃል። ጄይ የምትባለው ፊደል "ሀ" ትሆናለች። ሁለት ኤል ጎን ለጎን ሲመጡ "የ" ብላችሁ አንብቡ። ኤች ድምፅ የለውም፣ ዝለሉት። ይህችን ይዞ "ሃላፔኞ" እና "ቶርቲያ" ያለ ሰው ግማሹን መንገድ ሄዷል።

ደግሞ ስትገቡ ሰላም በሉ። "ቡዌናስ" ትበቃለች፣ ለጠዋትም ለማታም ታገለግላለች። ዝም ብሎ ገብቶ ዕቃ መጠየቅ እነሱም ዘንድ እንደ እኛው ያስነውራል።

1. ደረቁ ቺሌ ጋ ጀምሩ

እዚህ ጋ ጊዜ ውሰዱ። የሱቁ ልብ ይህ ነው።

እኛ ዛላውን ከነቅመሙ አስፈጭተን አንድ በርበሬ እናደርገዋለን። እነሱ እያንዳንዱን ቺሌ በየራሱ ጠባይ ነው የሚይዙት። አንዱ ለቀለም፣ አንዱ ለጣፋጭነት፣ አንዱ ለጢስ ጠረኑ፣ አንዱ ለማቃጠል ብቻ። ብዙዎቹም እርጥብ ሳሉ አንድ ስም፣ ሲደርቁ ሌላ ስም አላቸው። ስለዚህ ሁሉንም አትግዙ። ለመጀመሪያ አራቱ ይበቃሉ።

አንቾ የደረቀ ፖብላኖ ነው። ሰፊ፣ የተጨማደደ፣ ወደ ጥቁር የሚያደላ ቀይ። ጠረኑ ዘቢብ ዘቢብ ይላል፣ ብዙም አያቃጥልም። ጓሂዮ ረዘም ያለ፣ ልጡ የሚያብረቀርቅ ቀይ ነው። ቀለሙ የሚያምር ድልህ የሚወጣው ከሱ ነው፤ ማቃጠሉም ለኛ ሰው ምንም አይደለም። ቺፖትሌ የበሰለ ሃላፔኞ በጢስ ደርቆ ነው። ጥቂቷ ድስቱን ሁሉ ታሸታለች። አርቦል ቀጭን፣ ደማቅ ቀይ፣ ተናዳፊ ነው። ሚጥሚጣ ለለመደ ምላስ ቤተኛ የሚሆነው እሱ ነው። እነዚህን ከለመዳችሁ በኋላ ፓሲያና ሙላቶን ጨምሩ። ከአንቾ ጋር ሦስቱ ተደምረው ሞሌ የሚባለውን ጥቁር ድልህ መሰል ወጥ ይሠራሉ። ሞሌ የአንድ ሙሉ ቀን ሥራ ነው፣ ለዛሬ ይቆየን።

ስትመርጡ ያዙት፣ እጠፉት። ጥሩ ደረቅ ቺሌ ይታጠፋል እንጂ አይሰበርም። ከተንኮሻኮሸ አርጅቷል። ቀዳዳ ካለው ነቀዝ ጎብኝቶታል። የነጣ ነጠብጣብ ካለው ተዉት። ታሽጎ ከሚሸጠው ይልቅ ከሣጥን ውስጥ እየለቀማችሁ በሚዛን የምትገዙት ይሻላል፣ አንድ አምስቱን ብቻ መውሰድ ትችላላችሁና።

አንድ የስም ውዝግብ ልንገራችሁ። ካሊፎርኒያ ውስጥ እርጥቡን ፖብላኖ "ፓሲያ" ብለው የሚለጥፉ ሱቆች አሉ። ፓሲያ ግን የሌላ ቺሌ፣ የቺላካ፣ ደረቁ ነው። ጽሑፉን ሳይሆን መልኩን እመኑ።

አሠራሩ ለሁሉም አንድ ነው። ግንዱን ቆርጣችሁ ፍሬውን አራግፉ። ደረቅ ምጣድ ላይ ለጥቂት ሴኮንድ ብቻ በሁለቱም ወገን ተጫኑት። ሽታው ሲነሳ አንሱት። ትንሽ ከቆየ ያርራል፣ ያረረ ቺሌ ደግሞ ወጡን ሁሉ ያመርረዋል። መስኮት ክፈቱ፤ በርበሬ ቆልታ የምታውቅ እናት ያሳደገችው ሰው ምክንያቱን አይጠይቅም። ከዚያ ሙቅ ውኃ ውስጥ 15 ወይም 20 ደቂቃ ዘፍዝፉት። ሲለሰልስ ከነጭ ሽንኩርት፣ ከቀይ ሽንኩርትና ከአንድ ቲማቲም ጋር በብሌንደር ፍጩት፣ በወንፊት አጥሉት። መጨረሻ ላይ በጋለ ዘይት አቁላሉት። ቀለሙ ይጠቁራል፣ ጥሬ ሽታው ይጠፋል። ዶሮም፣ ሥጋም፣ እንቁላልም ይቀበለዋል።

2. አትክልትና ፍራፍሬ

ሎሚው ጋ ስትደርሱ ሁለት ዓይነት ታያላችሁ። ትልቁ ዘር የሌለው የፐርሺያ ሎሚ ነው። ትንሿ፣ ቀጭን ልጥ ያላት፣ ዘር የሞላባት "ሊሞን ሜክሲካኖ" ናት። አገር ቤት የምናውቃት ሎሚ እሷው ናት። ልጧ ወደ ቢጫ ስትሄድ አትሽሿት፣ ጭማቂዋ ያን ጊዜ ነው የሚበዛው።

ለቃሪያ ሰራኖን ሞክሩ። ሃላፔኞ በማቃጠል መለኪያው በስኮቪል ከ2,500 እስከ 8,000 ነው፣ ሰራኖ ከ10,000 እስከ 23,000 ይደርሳል። ቀጭን ስለሆነ ለስንግም ይመቻል። ሀባኔሮ ደግሞ ከ100,000 ይጀምራል። ብርቱካናማ ሆና የምታምር ትንሽ ቺሌ ካያችሁ በመልኳ አትሸወዱ።

ቶማቲዮ አረንጓዴ ቲማቲም አይደለም። የቲማቲም ዘመድ ቢሆንም ሌላ ፍሬ ነው፣ ወረቀት የመሰለ ሽፋን ለብሶ ይመጣል። ሽፋኑን ገለጥ አድርጋችሁ እዩ፤ ፍሬው ጠንካራና አረንጓዴ ይሁን፣ ሽፋኑን ይሙላው። ትንንሾቹ ይጣፍጣሉ። ሲላጥ የሚያጣብቅ ነገር አለው፣ በሙቅ ውኃ ይለቃል።

አቮካዶ ስትመርጡ ሆዱን በጣት አትውጉት፣ ለሚቀጥለው ሰው ታበላሹበታላችሁ። አንገቱ ጋ ቀስ ብላችሁ ሞክሩት። ሁለት ለዛሬ፣ ሁለት ጠንካራ ለሳምንቱ።

ኖፓል የቁልቋል ቅጠል ነው፤ ትግራይ ውስጥ በለስ የሚያፈራው ቁልቋል ቅጠል። ተክሉ ከሜክሲኮ የመጣ ነው፣ በባንዲራቸው ላይ ንስሩ የቆመው በሱ ላይ ነው። እኛ ፍሬውን ብቻ በልተን ቅጠሉን ለከብት ስንሰጥ፣ እነሱ ቅጠሉን አትክልት አድርገውታል። ሱቁ ውስጥ እሾሁን በቢላ የሚያጸዳ ሠራተኛ ካለ፣ ከሱ የጸዳውን ግዙ። ታሽጎ የተከተፈው ቶሎ ይዝለገለጋል። ፍሬውን ከፈለጋችሁም "ቱና" በሉ፣ አጠገቡ አለ።

ፍራፍሬው ጋ አገር ቤት ልባችሁ ሊሄድ ይችላል። ጉዋያባ የሚሉት ዘይቱን ነው፤ ትንሿ ቢጫዋ፣ ሳትታይ በሽታዋ የምትታወቀዋ። ጊሽጣን "ቺሪሞያ" በሚል ስም ፈልጉ፣ ዋጋው ግን ያስደነግጣል። ታኅሣሥ ላይ ሸንኮራ አገዳ ይመጣል፤ ከዘይቱንና ከቀረፋ ጋር አፍልተው ፖንቼ የሚባል የገና መጠጥ ይሠሩበታል። ከመጋቢት ጀምሮ ደግሞ አታውልፎ የሚባለው ትንሽ ቢጫ ማንጎ ይገባል። ቃጫ የለውም፣ የውስጡ ፍሬ ስስ ነው። ልጡ ሲጨማደድ ነው የሚበላው። ሰው የተጨማደደውን ትቶ የሚያምረውን ያነሳል፣ እናንተ የተዉትን አንሱ።

ሂካማን አትለፏት። ከውጭ አፈር የለበሰች ድንች ትመስላለች፣ ከውስጥ ነጭና ውኃማ ናት። ላጡና በጥሬው ክተፏት፣ ሎሚና ታሂን የሚባለውን የቺሌ ጨው ነስንሱባት። የጾም መክሰስ ያጣ ሰው ይህችን ይያዝ።

3. የተንጠለጠሉት ትንንሽ ከረጢቶች

ግድግዳ ላይ በላስቲክ ታሽገው የተንጠለጠሉ ቅመሞች አሉ። ከሙን፣ ቅርንፉድ፣ ሰሊጥ፣ ተልባ። በጠርሙስ ከሚሸጠው ጋር ዋጋውን አስተያዩትና ትስቃላችሁ።

ካኔላ ብላችሁ የምታገኙት ቀረፋ የሲሎኑ ነው። ልጡ ስስ ነው፣ በጣት ይሰበራል፣ ጣዕሙም ለስላሳ ነው። ለሻይ ከሱ የሚበልጥ አላገኘሁም። ሃማይካ የሚባለው ደረቅ ቀይ አበባ ደግሞ ከርከዴ ነው። አንድ እፍኝ አፍልታችሁ፣ ስኳር ጨምራችሁ ቀዝቃዛውን ጠጡ። እነሱ በትልቅ ብርጭቆ ማሰሮ ቀድተው ከታማሪንድና ከኦርቻታ ጎን ያቆሙታል። ኦርቻታ ሩዝና ቀረፋ የተፈጨበት ነጭ መጠጥ ነው። አንዳንድ ቦታ ወተት ስለሚገባበት ጾመኛ ይጠይቅ።

ጤና አዳም ያጣችሁ "ሩዳ" ብላችሁ ጠይቁ። ደረቁ ከመድኃኒት ቅጠሎቹ ጋር ይገኛል፣ አንዳንዴ እርጥቡም ከነማሰሮው። እነሱ ለቡና ሳይሆን ለመድኃኒትና ክፉ ዓይን ለማራቅ ነው የሚገዙት፤ ቡና ላይ እንደምትጨምሩት ብትነግሯቸው ይገረማሉ። እርጉዝ ሴት ግን ከሩዳ ትራቅ። ኮፓል የሚባል ዕጣንም አለ፣ ጥቅምት መጨረሻ ላይ ለሙታን ቀን በብዛት ይወጣል።

4. ጥራጥሬና በቆሎ

ምስር፣ ሽምብራ፣ የተላጠ ደረቅ ባቄላ እዚህ ሁሉም አለ። ባቄላው "አባስ" ተብሎ ይጻፋል። ከፋሲካቸው በፊት ባለው ጾም የባቄላ ሾርባ ስለሚሠሩ ያን ጊዜ ክምር ይሆናል። ሁዳዴ ከነሱ ጾም ጋር ሲገጣጠም ሱቁ ለኛም የተዘጋጀ ይመስላል። ደረቅ ሽሪምፕና የጾም ምግቦች ከፊት ይደረደራሉ።

ቦሎቄውን ግን በነሱ መንገድ ሞክሩት። የሰሜኑ ሰው ፒንቶ ይወዳል፣ ኦአሃካና ቬራክሩስ ጥቁሩን ያበስላሉ። ቢጫው "ፔሩአኖ" ሲበስል ቅቤ ይመስላል፣ የእኔ ምርጫ እሱ ነው። ጠጠሩን ልቀሙ፣ ከግማሽ ሽንኩርትና ከኤፓሶቴ ቅጠል ጋር በቀስታ ቀቅሉ፣ ጨው መጨረሻ ላይ። ኤፓሶቴ እርጥቡ ከድንብላሉ አጠገብ ነው። ሽታው መጀመሪያ ናፍጣ ናፍጣ ይላል፣ ድስት ከገባ በኋላ ትረሱታላችሁ።

በቆሎው ላይ ትንሽ እንቆይ። ቶርቲያ የሚባለው ስስ ቂጣ የሚሠራው በደረቁ ከተፈጨ በቆሎ አይደለም። በቆሎው በምግብ ኖራ ውኃ ይቀቀላል፣ ያድራል፣ ልጡ ይለቃል፣ ከዚያ ይፈጫል። እንዲህ የተዘጋጀው በቆሎ ኒክስታማል ይባላል፣ ዘዴው ከኮሎምበስ በፊት ሺህ ዓመታት የቆየ ነው። ኖራው ሊጡን ከማያያዙም በላይ በበቆሎው ውስጥ የታሰረውን ናያሲን የሚባል ቫይታሚን ይፈታል። አውሮፓውያን በቆሎውን ወስደው ዘዴውን ተዉት። በቆሎ ብቻ ይበላ በነበረበት በሰሜን ጣሊያን፣ ኋላም በአሜሪካ ደቡብ፣ ፔላግራ የሚባለው በሽታ ሕዝብ ጨረሰ። ሜክሲኮ ውስጥ ያው በቆሎ እንዲህ አላደረገም።

በተግባር፦ ተራ የበቆሎ ዱቄት ገዝታችሁ ቶርቲያ እንሥራ ብትሉ ይፈረካከስባችኋል። "ማሳ አሪና" የሚለውን ያዙ። በ1949 ኑዌቮ ሌዮን ውስጥ ከተጀመረው ኩባንያ የሚወጣው ማሴካ በየቦታው አለ። ትኩስ ሊጥም በሚዛን ይሸጣል፣ ግን ሁለት ዓይነት ነው። ያልተዘጋጀው ለቶርቲያ ነው፣ በቆሎ፣ ኖራና ውኃ ብቻ። "ፕሬፓራዳ" የሚለው ለታማሌ፣ በቅጠል ተጠቅልሎ በእንፋሎት ለሚበስለው ምግብ፣ ነው፣ አብዛኛውን ጊዜ የአሳማ ሞራ አለበት።

ስለ አሳማ አንድ ቦታ ላይ ልጨርስ

"ማንቴካ" የአሳማ ሞራ ነው። "ማንቴካ ቬሄታል" ከሆነ ከአትክልት የተሠራ ነው። "ፑዌርኮ" ወይም "ሴርዶ" አሳማ ማለት ነው። ማንቴካ የማትጠብቁበት ቦታ ይገኛል፦ የተፈጨ ቦሎቄ ጣሳ ውስጥ፣ የስንዴ ቶርቲያ ውስጥ፣ ዳቦ ቤቱ ብስኩት ውስጥ። የበቆሎ ቶርቲያ ግን ንጹሕ ነው፣ ጾምም ነው። ቺቻሮን የአሳማ ቆዳ ሲሆን "ቺቻሮን ዴ አሪና" ከስንዴ ዱቄት የሚጠበስ የልጆች መክሰስ ነው። ስሙ ተመሳሳይ ነውና ከረጢቱን እዩ። ሙስሊም አንባቢዎቼ፣ ሐላል የሚል ምልክት ከሌለ ሥጋውን ሐላል አይደለም ብላችሁ ተነሱ።

5. አይብ

ኬሶ ፍሬስኮ ነጭ፣ ለስላሳ፣ የሚፈረፈር ነው፤ ቦሎቄና ታኮ ላይ ይበተናል። ለክትፎ ጎን አይብ የምትፈልጉ ከሆነ ግን ሬኬሶንን ውሰዱ፣ ለኛው የሚቀርበው እሱ ነው። ከሚቾአካን የመጣው ኮቲሃ ደረቅና ጨዋማ ነው። የኦአሃካው እንደ ክር እየተተረተረ ይወጣል፣ ሲሞቅ ይቀልጣል። አንዳንድ ሱቅ ያስቀምሳሉ፣ አትፈሩ ጠይቁ። መለያው ላይ ፓስቸራይዝድ የሚል መኖሩን አረጋግጡ፣ በተለይ ነፍሰ ጡር ካለች።

6. ሥጋ ቤቱ

መጀመሪያ ቁጥር ቁረጡ። ብዙ ቦታ ቀይ ማሽን አለ፣ ወረቀቷን መዛችሁ ትጠብቃላችሁ። ተራችሁ ሲደርስ "ኡና ሊብራ" አንድ ፓውንድ ነው፣ "ሜዲያ" ግማሽ። "ኬ ማስ?" ካላችሁ "ሌላስ?" እያለ ነው። "ናዳ ማስ" በሉና ጨርሱ።

የኛ ሰው እዚህ ብዙ ይጠቀማል። ለዶሮ ወጥ "ጋይና" በሉ። እንቁላል ስትጥል የኖረች ያረጀች ዶሮ ናት። ቶሎ አትበስልም፣ ግን ቁሌቱን ችላ ትቆያለች፣ መረቋም ይወፍራል። ለቅቅል "ቻምባሬቴ" አለ፣ ከነመቅኑ በክብ የተቆረጠ የበሬ ቅልጥም። ለዱለት ጨጓራው "ፓንሳ"፣ ጉበቱ "ኢጋዶ" ነው። ፍየል "ቺቮ"፣ በግ "ቦሬጎ"። ምላስና ጭራም በግልጽ ተደርድረው ይታያሉ።

ክትፎ ለሚያስብ ሰው፣ ሥጋው በጥሬ እንዲበላ ታስቦ አልተዘጋጀም። መፍጫውም አሳማ የተፈጨበት ሊሆን ይችላል። የተፈጨውን ትታችሁ ሙሉውን ግዙ፣ ቤት ውስጥ ክተፉ፣ ለብለብ አድርጉት።

ከነሱ ምግብ ደግሞ አራቼራን ሞክሩ። ስስ የበሬ ሥጋ ነው፣ በሎሚና በቅመም ተዘፍዝፎ ይሸጣል። እሳቱ ኃይለኛ ይሁን፣ በያንዳንዱ ጎን ጥቂት ደቂቃ ብቻ። ከዚያ የሥጋውን ጭረት አቋርጣችሁ ቁረጡት።

7. ዳቦ ቤቱ

ክብ ትሪና መቆንጠጫ በር ላይ አለ። አንሱና ራሳችሁ ምረጡ፣ ሞልታችሁ ስትሄዱ ሻጯ ቆጥራ ከረጢት ትከታለች። ኮንቻ ላዩ የስኳር ቅርፊት ያለው ለስላሳ ዳቦ ነው፣ ለቡና ይሆናል። ቦሊዮ ጨው ጨው የሚል፣ ከላይ የሚንኮሻኮሽ ተራ ዳቦ ነው። ሲወጣ ከያዛችሁት ሌላ አትፈልጉም። የአሳማ ቅርጽ ያለው ቡናማ ብስኩት በፒሎንሲዮ፣ ማለትም ባልተጣራ ስኳር፣ ይጣፍጣል።

ጃንዋሪ 6 ከሄዳችሁ ሮስካ ዴ ሬዬስ የሚባለውን ትልቅ የቀለበት ዳቦ ታያላችሁ። ውስጡ የሕፃኑ ኢየሱስ ትንሽ ምስል ተደብቋል። የደረሰው ሰው ፌብሯሪ 2 ላይ ታማሌ ይጋብዛል። ጃንዋሪ 6 የኛ የገና ዋዜማ ነው፤ ዳቦው ደግሞ ቅቤና እንቁላል አለበት። ግዙት፣ ሸፍናችሁ አስቀምጡት፣ ቅዳሴ ሲወጣ ብሉት።

8. አሁን ቶርቲያው፣ አሁን ምሳ

ቶርቲያ ከማሽኑ ሲወጣ በወረቀት ተጠቅልሎ ይሰጣችኋል። እጅ ያቃጥላል። ለዚህ ነው መጨረሻ የቀረው፤ ጋሪው ውስጥ ከበረዶ ዕቃ ጋር ሲዞር ቆይቶ ቢቀዘቅዝ ምን ይረባል። አንዱን እዚያው በጨው ጠቅልላችሁ ብሉ፣ ሁሉም እንዲህ ያደርጋል።

ከዚያ ሱቁ ውስጥ ያለው ምግብ ቤት ሄዳችሁ ምሳ ብሉ። ባርባኮአ በግ ወይም በሬ ነው፣ ካርኒታስ አሳማ ነው። ሳልሳ የሚሏቸውን ማባያዎች ቅመሱ፣ ቀይ ሁሉ አያቃጥልም፣ አረንጓዴው ሊያቃጥል ይችላል። ለመጠጥ ቶፖ ቺኮ ያዙ። ከ1895 ጀምሮ ሞንቴሬይ ላይ የሚታሸግ ጋዝ ያለው ውኃ ነው። ሎሚ ጨምሩበት፣ አምቦ የናፈቀው ሰው ይጽናናል።

ካሸሯ ከየት እንደሆናችሁ ከጠየቀች "ኤቲዮፒያ" በሉ። የሜክሲኮ ሲቲ ልጅ ከሆነች ስሙን በሌላ ታውቀዋለች፤ ከተማዋ ውስጥ ኤቲዮፒያ የሚባል የሜትሮ ጣቢያ አለ። ጣሊያን ስትወረን ወረራውን አንቀበልም ካሉት ጥቂት አገሮች አንዷ ሜክሲኮ ነበረች። አዲስ አበባ ላይ ሜክሲኮ አደባባይ የተሰየመውም በዚሁ ወዳጅነት ነው። አፄ ኃይለ ሥላሴም እ.ኤ.አ. በ1954 ሄደው ጎብኝተዋል። ሰልፉ ረጅም ካልሆነ ጥሩ ወሬ ይወጣዋል።

9. የመጀመሪያው እራት፦ ታኮ በኖፓል

ለጾምም ለፍስክም ስለሚሆን ይህን መረጥኩ።

አንድ ፓውንድ ቶማቲዮ ላጡና እጠቡ። ከሁለት ሰራኖ ጋር ውኃ ውስጥ ቀቅሉ። ደማቁ አረንጓዴ ወደ ወይራ ቀለም ሲቀየር፣ ከ8 እስከ 10 ደቂቃ ውስጥ፣ አውጡት። እስኪፈነዳ አትጠብቁ፣ ይመራል። ከሩብ ሽንኩርት፣ ከአንድ ፍንካች ነጭ ሽንኩርት፣ ከአንድ እፍኝ የድንብላል ቅጠልና ከጨው ጋር ፍጩት። ሳልሳ ቬርዴ ይሄው ነው።

ኖፓሉን በቀጭኑ ክተፉ፣ ትንሽ ዘይትና ጨው ያለበት መጥበሻ ላይ ጣሉ። የሚዝለገለግ ውኃ ይለቃል። አትደንግጡ፣ ክዳኑን አንሱና አማስሉ። 15 ደቂቃ ገደማ ሲሆነው ውኃው ይደርቃል፣ ቅጠሉ ይጠቁራል። ሽንኩርት ጨምሩ፣ ሎሚ ጭመቁበት። ጣዕሙ ፎሶሊያ ላይ ጎምዛዛ ነገር የተጨመረበት ዓይነት ነው።

ቶርቲያውን ደረቅ የጋለ ምጣድ ላይ እያገላበጣችሁ አሙቁ፣ በጨርቅ ሸፍኑ። ማይክሮዌቭ ውስጥ ብቻውን ከገባ ቆዳ ይሆናል። ኖፓሉን ሙሉበት፣ አቮካዶና ሳልሳ አድርጉበት። ጾም ካልሆነ ኬሶ ፍሬስኮ በትኑ።

የተረፈውን ቶርቲያ አትጣሉት። ጠዋት አራት ቦታ ቆርጣችሁ በዘይት ጥበሱ፣ የተረፈውን ሳልሳ አሙቃችሁ አፍስሱበት። ቺላኪሌስ ይባላል። ሜክሲኮዎች ራሳቸው በዚህ አይስማሙም። ገሚሱ ሳይርስ ቶሎ ይበላል፣ ገሚሱ እስኪርስ ይጠብቃል። ፍርፍር ያደገበት ሰው ከየትኛው ወገን እንደሚሆን እገምታለሁ።